የእማማ የሺመቤት ፓፍ

(ወልዲያ፣ መኳንንት መድኃኒት ቤት፤ ይታይሽ የሐኪም ማዘዣ ጨብጣ ባንኮኒው ፊት ቆማለች፤ የአስም ሕመምተኛዋ ልጇ ምንትዋብ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የመኳንንት ሚስት የክርስትና ልጅ ናት።)

መኳንንት፦ ስጪኝ እንጂ ወረቀቱን፣ አበልጅ! የምትስበው የአስም ፓፍ አለቀባት አይደል?

ይታይሽ፦ ወረቀቱ ይቆይ። ርካሹ ፓፍ አይሠራም ያልከኝ አንተ ነህ አይደለህም?

መኳንንት፦ እኔ ነኝ። የልጅ ሳንባ መሞከሪያ አይደለም ብዬሻለሁ።

ይታይሽ፦ አሁንም እንደዛ ትላለህ?

መኳንንት፦ አሁንም! ውዱን የምሰጥሽ ለክርስትና ልጃችን ብዬ ነው።

ይታይሽ፦ ትናንት እናትህን እማማ የሺመቤትን ልጠይቅ ቤታችሁ ሄጄ ነበር። ሳል ሲያጣድፋቸው ትራሳቸው ሥር እጄን ሰድጄ ፓፋቸውን አወጣሁላቸው። ርካሹ ነው፣ መኳንንት። ሁለቴ ሳቡት፤ ወዲያው ቀለል አላቸው።

መኳንንት፦ እሱ... እሱ የትልቅ ሰው ነው።

ይታይሽ፦ ተው እንጂ! ማዶ ያለችውን ፋርማሲስት ጠይቄያታለሁ። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ የሚለየው ፋብሪካው ነው ብላኛለች።

መኳንንት፦ እሺ፣ ስሚኝ። ርካሹ እንደ ልብ አይገኝም። ቢመጣልኝ በወር አንድ ካርቶን ነው፤ ወዲያው ያልቃል።

ይታይሽ፦ ታዲያ "የለም" አትለኝም? "የለም" እና "አይሠራም" አንድ ነው?

መኳንንት፦ የለም ብልሽ ማዶ ትሄጂብኛለሽ! ይኸው፣ እውነቱን ካልሽ።

ይታይሽ፦ አይ መኳንንት! እኔ እኮ ውዱን ለማብቃቃት፣ ሁለቴ ትሳብ የተባለችውን ልጅ አንዴ ብቻ ነበር እንድትስብ የማደርጋት። "እማ፣ አልተሻለኝም፣ ድገሚልኝ" ስትለኝ "ትንሽ ቻይው" እላታለሁ። ያን ሰሞን ኦክስጅን ላይ ስትተኛ አጠገቧ ቆመህ አልቅሰሃል። ምን አስለቀሰህ?

መኳንንት፦ አንዴ ብቻ እንደምትስብ መች ነገርሽኝ?

ይታይሽ፦ አፍሬ ነዋ! አንተ ለሷ ስትጨነቅ እኔ እጥረቴን ላውራ? ስትጠመቅ ከቄሱ እጅ የተቀበለቻት ሚስትህ ናት። ከሰው ሁሉ አንተን አመንኩ። አንጀቴን ነው የቆረጥከው።

መኳንንት፦ በምንትዋብ ሞት፣ ይቅር በይኝ። አንድ ርካሽ ቀርቶኛል፤ ለእማዬ ያስቀመጥኩት ነው፣ ውሰጂላት። ከእንግዲህ ለሷ ከኔ ቤት በነፃ ነው። አምጪ ወረቀቱን።

ይታይሽ፦ የምንትዋብን ጠዋት ማዶ ገዝቼላታለሁ።

መኳንንት፦ ታዲያ ይሄ የማን ማዘዣ ነው?

ይታይሽ፦ የእናትህ። የሆነውን ስነግራቸው "የኔንም ማዶ ግዢልኝ፤ ስታልፊ ግን ወረቀቱን ለልጄ አሳዪው" አሉኝ።