ለመጋረጃው ጀርባቸውን የሰጡት ፈታኝ

መምህር አዛናው፣ ይቀመጡ፤ ዛሬ በመሸኛዎ ቀን መቆሙ የእኔ ተራ ነው። ለማታውቁኝ አዲስ መምህራን፣ ደብረወርቅ እባላለሁ። ከእርሳቸው የሒሳብ ክፍል ጋር ግድግዳ ተጋርቼ ሃያ ዓመት አማርኛ አስተምሬ፣ አምና በጡረታ የወጣሁ ነኝ።

መምህር አዛናው ወረታ የመጡት በመስከረም፣ የፎገራ ሜዳ ገና የክረምት ውኃውን ሳይጨርስ ነበር። እኛ በረንዳ ላይ ቆመን አዲሱን መምህር ስንጠብቅ፣ በአንድ እግሩ የተወለወለ ጥቁር ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ ያደረገ ወጣት ብቅ አለ። የጊዜው ርእሰ መምህር ደነገጡና፣

«ጫማህስ?» አሉት።

«መንገድ ላይ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ደወል ተደውሏል፤ ክፍሌን ያሳዩኝ።»

በአንድ ጫማ ቀኑን ሙሉ አስተማሩ። በኅዳር ጭቃው ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ዘበኛችን ክንዴ ያን ጫማ ቆፍሮ አወጣው፤ ሣር በቅሎበታል። ይዞት ቢመጣ፣ መምህር አዛናው ቀና ብለው አይተውት፣ «ዛሬ ነው የሚመጣው? ቀሪ ተብሎ ተጽፎበታል» አሉ።

የፈተና ነገራቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በኮት ኪሳቸው ገመድ አለ፤ በፈተና ዋዜማ የወንበሮቹን ርቀት በእሱ ይለካሉ። ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ጀርባቸውን ለተማሪ አይሰጡም። ከጥቁር ሰሌዳው እስከ በሩ የኋሊት ሲራመዱ የማያውቃቸው ሰው ያመማቸው ይመስለዋል። እዚህ ያለችው መምህርት አሰፋሽ ስትዳር እንግዳ ያስተናግዱልኝ ብትላቸው፣ የሚተዋወቀውን ሁሉ ለያይተው አስቀመጡት። ሠርገኛው አንገቱን ደፍቶ በላ። አማቷ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «የእናንተ አገር ሠርግ እንዲህ ዝም ይባልበታል?» አሉኝ።

አሁን ልናገረው ወደ መጣሁት ልግባ። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ሰኔ፣ የሸንጎ ምርጫ ሲደረግ፣ ትምህርት ቤታችን የምርጫ ጣቢያ ሆነ፤ በአንዱ ክፍል ለመራጩ መጋረጃ ተሰቀለ፤ መምህር አዛናውም የጣቢያው ሰብሳቢ ተባሉ። ዕጩዎቹ ሦስት ነበሩ። ሦስቱም ተመርምረው፣ በፓርቲው ተፈቅደው የቀረቡ ናቸው። ቢሆንም የመጀመሪያው እንዲያልፍ እንደሚፈለግ ወረታ ከተማ ያልሰማ አልነበረም። ጓድ ደሴ፣ የያኔው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፣ ተጋብዘው እዚህ ስላሉ ብሳሳት ያርሙኝ። ጠዋት ወንበር አስይዘው መጡ።

«ጓድ መምህር፣ መጋረጃው አጠገብ ልቀመጥ። ሕዝቡ ወረቀቱን አልለመደውም፤ ላሳየው።»

መምህር አዛናው ያችን ገመድ ከኪሳቸው አውጥተው ከበሩ እስከ መስኮቱ ወጠሯት።

«ከገመዱ ወዲያ መራጭ ብቻ ነው የሚያልፈው፣ ጓድ ደሴ። በፈተና ቀን ያስተማረው መምህር ከተማሪው አጠገብ አይቀመጥም።»

«ይህ እኮ ፈተና አይደለም።»

«እንግዲያው እርዳታ አያስፈልገውም።»

«ሦስቱም የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ምን የሚደበቅ ነገር አለ?»

«የሚደበቅ ከሌለ ለማየት ምን ያስቸኩላል?»

ጓድ ደሴ ወንበራቸውን ከገመዱ ወዲህ አኖሩት። ይህንንም ለእርሳቸው ክብር እናገራለሁ፤ ገመዱን አልበጠሱም።

ከእኔ ፊት ተሰልፋ የነበረችው ገላነሽ ናት፤ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጠው። አንድ ሰው፣ «የመጀመሪያውን ካልመረጥሽ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር አታገኚም» ብሏታል። ስኳር ከሌለ ሻይ የለም፤ ሻይ ከሌለ ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ። ወረቀቱን ተቀብላ ወደ መምህር አዛናው ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ ማንን እንዳደረግሁ ማን ያያል?»

«አንቺ ነሻ።»

«ሌላስ?»

መምህር አዛናው ዞሩ። ለተፈታኝ ጀርባቸውን ሰጥተው የማያውቁት ሰው ለመጋረጃው ጀርባቸውን ሰጡና ፊታቸውን ወደ እኛ፣ ወደ ጓድ ደሴም ጭምር አደረጉ። ገላነሽ ከመጋረጃው ጀርባ እጅግ ቆየች። ጓድ ደሴ ሰዓታቸውን አዩ፤ መምህር አዛናው እርሳቸውን አዩ። እኛም ሁላችን እስክንጨርስ ድረስ እንደዚያው ቆሙ።

በምርጫው ያለፈው እንዲያልፍ የተፈለገው ሰው ነው። የእኛ ጣቢያ ድምፅ ግን ከሌሎቹ ጋር አልገጠመም። በማግስቱ መምህር አዛናው ተጠርተው፣ «የእርስዎ ጣቢያ ብቻውን ለምን ተለየ?» ተባሉ። «ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር አላየሁም» አሉ። የርእሰ መምህርነቱ ሹመት ለእርሳቸው እንደታሰበ ተነግሮን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚያነሣው ጠፋ። ርእሰ መምህር ውበቱ፣ እርስዎ ሁለት ዓመት በደግነት መርተውናል፤ በዚህ እንደማይቀየሙኝ አውቃለሁ።

እኔ ያን ጊዜ ተቆጥቼ ነበር። «ውጤቱ ላይለወጥ፣ ጓድ ደሴ ቢቀመጡ ምን ነበረበት?» አልኋቸው።

ቀይ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው፣ «ገላነሽ ስኳሯን አገኘች?» ብለው ጠየቁኝ።

«አግኝታለች። ማንን እንደመረጠች ስላልታወቀ የሚከለክላት ጠፋ።»

«እንግዲያው ይበቃል» አሉና እርማታቸውን ቀጠሉ።

መምህር አዛናው፣ ያን ቀን ያልኩትን አሁን አልለውም። ከገላነሽ ቀጥዬ እኔም ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ቆሜያለሁ፤ ማንም ሳያየኝ ስወስን በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ርእሰ መምህር ሳይባሉ መሄድዎ ይቆጨኛል፤ አይቆጨኝም ብል እዋሻለሁ።

የስጦታዎን ነገር ልንገርዎና ላብቃ። ከመምህራኑ ሦስት ሐሳብ ቀረበ፤ ራዲዮ፣ ጋቢና የፎገራ ጊደር። እኔ ጋቢ አልሁ፤ ብዙ ተናገርሁለት፤ ታላቃቸው ስለሆንሁ እሺ ይሉኛል ብዬ ነበር። እነርሱ ግን በቁራጭ ወረቀት እየጻፍን እናጥፍ አሉ። ጊደሯ አለፈች። እዚህ ከተቀመጡት መካከል ጋቢውን የተቃወመብኝ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሁሉም በፍቅር ያዩኛል፤ የምቀየመው ሰው አጣሁ። ሽንፈት እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። ጊደሯ በር ላይ ታስራለች፤ ክንዴ ሣር ሰጥቷታል።

እንግዲህ ብርሌያችሁን አንሡ። ወንዛዬ ወርደው ጉልበትዎን ፍል ውኃው ውስጥ ያሳርፉ። ጊደሯ ወልዳ ቤትዎ ወተት አይጣ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ በደጅዎ ስናልፍም ግቡ ይበሉን። ለመምህር አዛናው!