ሳህን ወርዋሪው ሙሽራ

ከልደታ ወደ አብነት በምትሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ለሽምግልና እየሄዱ ነበር። ትልቁ፣ ጋሽ በቀለ የሚባሉት፣ ዋናው ተናጋሪ ናቸው። ሌላው የሙሽራው አጎት ነው።

“ባለፈው እሑድ የልጅቷ አባት ‘የልጁን ሥራ አጣርታችሁ ኑ’ ብለው መልሰውናል። ዛሬ ምን ልበላቸው?”

“ስፖርተኛ ነው ይበሏቸው፣ ጋሼ።”

“ሯጭ ነው?”

“አይ፣ ሳህን የሚመስል ፕላስቲክ ይወረውራል።”

“ማን ላይ?”

“ኧረ ሰው ላይ አይደለም! ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ ነው የሚያስገባው። ዲስክ ጎልፍ ይባላል።”

“ካስገባ በኋላስ?”

“አውጥቶ ወደሚቀጥለው ቅርጫት ይወረውራል።”

“ይሄን ለስንት ጊዜ ሠራ?”

“ሃያ ዓመት እንጀራው ይሄ ነው። ውጭ አገር ስንት ዋንጫ በልቷል መሰልዎት!”

“ሃያ ዓመት ሙሉ ‘ተው’ የሚለው ሰው ጠፋ?”

“ጋሼ፣ በማርያም፣ እዚያ ቤት እንዲህ እንዳይሉ! ዛሬም ከመለሱን ልጁ ሳያገባ መቅረቱ ነው።”

ጋሽ በቀለ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ።

“በቃ፣ አገኘሁት።”

“ምን ሊሉ ነው?”

“‘ልጃችን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳህን ሲወረውር አንድም ቀን አልሰበረም’ እላቸዋለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ዓይነት ባል ይፈልጋሉ?”

“ቢስቁብንስ?”

“እናትየው አትስቅም። የእሷን ባል እኔ አውቀዋለሁ።”

እኔም ለቤት የገዛሁትን የፕላስቲክ ሳህን ቀስ ብዬ ከፌስታሉ አወጣሁና ክብደቱን በእጄ መዘንኩት።