ለንጋቱ መብራት ዋስ

— ሄሎ... ሄሎ። አቤት። ... አዎ፣ ወንዳፍራሽ ነኝ። ማን ልበል? ... ኤልሻዳይ? የትኛዋ ... እ፣ የንጋቱ ልጅ። ከሎንግ ቢች። እንደምን ነሽ ልጄ?

— እኛማ ምን ደህና አለ። ሙቀቱ ከሰኔ ጀምሮ አልለቀቀንም። የምሠራበት ፓርኪንግ ሐምሌ ላይ ተሸጠ፣ አጥረው ዘጉት። ሃያ ስድስት ዓመት የቆምኩበት ቦታ ነው። በፍልሰታ ሁለት ሰው ቀበርን። ባለቤቴ ሐና ጉልበቷን ታማ ደረጃ መውረድ አቅቷታል። ይኸው ነው። በይ የናንተን ንገሪኝ። አባትሽ እንዴት ነው? ... ሆስፒታል? መቼ?

ሐና፣ እስቲ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው። የንጋቱ ልጅ ናት። ... ንጋቱ ታሞ ነበር ትላለች። ቆይ፣ ልስማ።

— አለሁ። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ ጆሮዬ እንደ ድሮው አይደለም። ... እሑድ ዕለት። ... እናንተ ቅዳሴ ሄዳችሁ፣ እሱ ከኦክስጅን ማሽኑ ጋር ቤት ቀረ። ... እሺ። ... መብራቱ ጠፋ። ለምን ይጠፋል? ... የካርድ ቆጣሪ? እዚህ አሜሪካ?

— የካርድ ቆጣሪ እኔ የማውቀው አዲስ አበባ ነው። ... አከራያችሁ ለጓሮው ቤት ያስገባው። ቀድማችሁ ትሞላላችሁ፣ ሲያልቅ ይቆርጣል። ... በወር ቢል የሚመጣበትስ አልነበረም? ... ነበር። ታዲያ ይሄን ማን መረጠው? ... እሱ ራሱ። ... «ካርዱን እናውቀዋለን፣ ዕዳ ውስጥ አያስገባም» አለ። አዎ፣ ንጋቱ ነው። እንደዚያ ይላል።

— ሊያልቅ ሲል መልእክት አይልክም? ... ልኳል። ስልካችሁ ተዘግቶ ነበር። ... ቅዳሴ ውስጥ ስልክ የሚከፍት አለ እንዴ? ራስሽን አትክሰሺ። ... ስንት ሰዓት ቆየ? ... አንድ ሰዓት ተኩል። በዚያ ሙቀት። ... መጠባበቂያው ሲሊንደርስ? ... በሩ ጋ ነበር። አልደረሰበትም። ... ማን አገኘው? ... አንቺ።

— ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? ... አልቅሺ። ግድ የለም፣ አልቅሺ። እጠብቃለሁ።

— እሺ። አሁን ቤት ገብቷል። ሐኪሙ ምን ይላል? ... «ገናን ካየ ጥሩ ነው» አለ። እሱ ፊት? ... እሱስ ምን መለሰ? ... «የትኛውን ገና፣ የነሱን ወይስ የኛን?» ... ይላል። ሁለት ሳምንት ለማትረፍ ነው።

— እና አሁን ቆጣሪውን ስታዩ ነው የምትውሉት። ሌሊትም ትነሻለሽ። ሥራሽስ? ... ሺፍትሽን ቀነሱብሽ። ይሄማ ኑሮ አይደለም። ወደ ቢሉ አስቀይሩት። ... ጠይቀሻል። የመብራት ሰዎቹ ምን አሉ? ... ወይ ዲፖዚት፣ ወይ ዋስ። ... ዲፖዚቱን አትንገሪኝ፣ የአምቡላንሱም ገና አልተከፈለም። ዋሱ ምን ዓይነት ሰው ይሁን ነው የሚሉት? ... በራሱ ስም ዓመት ሙሉ ቢሉን በቀኑ የከፈለ። ... አጎቶችሽስ? ... ሁለቱም እምቢ። አይፈረድባቸውም። ዋስነት ቀላል ነገር አይደለም።

— አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለእኔ መደወልሽን አባትሽ ያውቃል? ... አያውቅም። ... «ወንዳፍራሽን እንዳትጠይቂ» ብሎሻል። ለምን እንደሆነ ነገረሽ? ... እኔን ላለማስቸገር መሰለሽ። አይደለም ልጄ።

— ልንገርሽ እንግዲህ። ልጅ እግር ሆኜ የመንግሥት መጋዘን ውስጥ ተቀጠርኩ፣ ንብረት ክፍል። ንብረት የሚረከብ ሰው ዋስ ያስፈልገዋል። ደመወዝተኛ ሰው ይፈርምለታል። አባትሽ አስተማሪ ነበር፣ ፈረመልኝ። ... አዎ፣ ለእኔ። በሁለተኛው ዓመት በሞያሌ ወጣሁ። ማንንም አልተሰናበትኩም፣ እሱንም ቢሆን። ... አልሰረቅሁም። ጎማ ጎደለ አሉ። እኔ ስወጣ ሙሉ ነበር። ግን የጠፋ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ዋሱን ያዙት። ከደመወዙ ሲሶውን ቆረጡበት፣ ስድስት ዓመት። ያኔ አንቺ አልተወለድሽም። ታላቅ ወንድምሽ ጡት አልጣለም ነበር።

— ልክ ነሽ፣ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። አንገታችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ እናልፋለን። ሌላ ነገር ተባብለን አናውቅም። ... ልኬ ነበር እንጂ። ሦስት ጊዜ ገንዘብ ላክሁ፣ ሦስቴም መለሰው። «የፈረምኩት ለሰው ነው እንጂ ለገንዘብ አይደለም» አለ። ከዚያ ወዲህ መላኩን ተውኩ።

ሐና፣ የቢሉ ካርቶን የት ነው? አልጋው ሥር? ... አይ፣ አትነሺ፣ ጉልበትሽ። እኔ አመጣዋለሁ። ... አዎ፣ ዋስ ልሆን ነው። ... እነሱ ቢያቅታቸው ከፋዮቹ እኛ ነን፣ አውቃለሁ። ሥራ እንደሌለኝም አውቃለሁ። ስሚኝ ሐና፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ማንኛውንም ቢል አንድ ቀን ሳላሳልፍ የከፈልኩት ለምን ይመስልሻል? ... እሺ። እግዜር ይስጥሽ።

— ኤልሻዳይ፣ አባትሽን ስጪኝ። ... ይቆጣ። አንቺ ስጪኝ ብቻ።

— ንጋቱ። ... ወንዳፍራሽ ነኝ። ... አትናገር፣ ቱቦው አፍንጫህ ላይ ይሁን። እኔ ልናገር። ለቆጣሪው ዋስ ልሆንህ ነው። ... እሷን አትቆጣት፣ እኔ ነኝ ያልኩት። ... ዕዳ አትወድም፣ ሰምቻለሁ። እኔስ የምወድ መሰለህ? ... ምን አልክ? ድገመው። ... «እኔም ብጠፋብህስ?» ... ያንን ቱቦ እየጎተትክ? መኪናው ጋ ሳትደርስ እይዝሃለሁ። ... አትሳቅ፣ ያስልሃል። ... ይኸው አሳለህ።

ሐና፣ ሳቀ።

— ንጋቱ፣ ገንዘቤን መለስክ። ልክ ነበርክ። ይሄ ገንዘብ አይደለም። አንተ ለእኔ እንደፈረምክ እኔም ለአንተ ልፈርም ነው። ሌላ የምሰጥህ ነገር የለኝም። ... አላስቸኩልህም። አርፈህ አስብ። ... እ? ... ለሷ ንገራት። ጮክ ብለህ ንገራት።

— ኤልሻዳይ፣ ሰማሽው አይደል፣ እሺ ብሏል። በይ የመብራት ሰዎቹን ጥሪልኝ። ... በስልክ ይሆናል? ድምፄን ይቀዱታል፣ እንደ ፊርማ ነው። ኦኬ። አስገቢያቸው። ... ሙዚቃ ነው። እጠብቃለሁ።

— ሄሎ። የስ። ... የስ፣ ወንዳፍራሽ። ... ስሎውሊ ፕሊስ፣ አይ አም ኦልድ ማን። ... ሐና፣ መነጽሬን። ... የስ፣ አካውንት ነምበር፣ እያነበብኩልህ ... ሐና፣ ይቺን ቁጥር እስቲ እያት፣ ደብዝዛለች። ሰባት ናት ወይ አንድ? ... ኤልሻዳይ፣ ሰባት ናት በይው። ... ኔቨር ሌይት፣ ሰር። ቼክ ኢት። ... ኤልሻዳይ፣ አሁን ያለው ምንድን ነው? ... እነሱ ካልከፈሉ እኔ እንደምከፍል ገብቶኛል ወይ።

— የስ ሰር። አይ አንደርስታንድ። ... የስ። አይ አግሪ። ... ታንክ ዩ።

— ሄደ? ... ከነገ ጠዋት ጀምሮ አይቆርጥም። ... በወሩ ቢል ይመጣል። ... ለዛሬ ሌሊትስ? ሞልተሻል? ... ደግ። ነገ ሌሊት ተኝተሽ እደሪ። ... እሱ ሰማ? ስፒከር ላይ ነበር? ... ስጪኝ።

— ንጋቱ። ... እ። ... ቀስ በል፣ አልሰማሁህም። ... «ከዋስነትህ ወረድኩ ወይ?» ነው ያልከው? ... አዎ። ወርደሃል። ... ከዛሬ ጀምሮ ወርደሃል፣ ወንድሜ። ... አይ፣ አላለቀስኩም። ... እሑድ መምጣት ካልቻልክ እኔ እመጣለሁ። በባቡሩ እመጣለሁ። ... አትናገር። ተንፍስ። ... አንተ ቅደም፣ ዝጋው። ... አትዘጋውም? ... እሺ። እኔ ልዝጋው።