የቤተሰብ ወንበር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከፍሮግታውን ሰፈር ወደ ሚኒያፖሊስ በሚሄደው ባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት ተማሪና ታላቅ ወንድሟ በአማርኛ ያወሩ ነበር።

«ስንት ሰው ጠራሁ አልከኝ?»

«ሰባት ጎረቤት። ከእኔ ጋር ስምንት።»

«ነስሩ! እኔ እኮ አንድ ወንበር ነው ያስያዝኩት።»

«የጥሪ ወረቀቱ ‹ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ› ይላል። እኔ ብቻዬን ቤተሰብ ነኝ እንዴ?»

«የጌይና የሌዝቢያን ተማሪዎች እራት መሆኑን ነግረሃቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«እኔም እንደሆንኩ?»

«እሱንም። ‹እኔ አፍራለሁ፣ አንተ ንገርልኝ› ብለሽኝ የለ?»



«እትዬ ዘሃራ ምን አሉ?»

«መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ ‹ዶርሟ በር ላይ ስድብ የጻፉባት ለዚህ ኖሯል?› አሉኝ። አዎ ስላቸው ተነስተው ሳምቡሳ መጥበስ ጀመሩ።»

«ጋሽ ተስፋይስ?»

«እሳቸው ‹ከረባት ይታሰራል?› ብለው ብቻ ጠየቁኝ።»

«ሙች በለኝ!»

«ሙች! እኔና አንቺ በባስ የምንሄደው ለምን መሰለሽ? ቫን መኪናዬን ሞልተውት ነው። ይሄኔ ቀድመውን ደርሰው በር ላይ ቆመዋል።»

«ታዲያ ሰባት ወንበር ከየት ላምጣ?» እየሳቀች ዓይኗን ጠረገች።

«ወንበር ከጠፋ ቆመን እንበላለን። አምና ብቻሽን ተቀምጠሽ በልተሻል፤ ዘንድሮ ግን ብቻሽን መብላት የለም።»

እኔ አማርኛ እንደማይሰማ ሰው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ፈገግታዬ እንዳይታይ ሻርፔን አፌ ላይ ያዝኩ።