ጋሼ ገብረ መድኅን ያልጨረሱት መጽሐፍ

ጋሼ ገብረ መድኅን ለንደን ውስጥ ካሌዶኒያን ሮድ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ ሄራንን አገኟት። ሄራን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ልጆችን መጽሐፍ ታስነብባለች፤ የልጅ ልጃቸው ዮኒም አንዱ ነው።

«እግዜር አገናኘን» አሉና ከፌስታላቸው እሷ ለዮኒ የመረጠችለትን መጽሐፍ አወጡ። «ላይብረሪ ልመልሰው ነው። ዮኒም ካሁን ወዲያ አይመጣም።»

«ምነው ጋሼ? ምን አጠፋን?»

«የድሮ የአሜሪካ ልብ ወለድ ነው ተባለ፤ ከፍቼ አየሁት። ልጁ ይዋሻል፣ ከትምህርት ቤት ይጠፋል፣ የጎረቤት ፈረስ ይሰርቃል። እኔ የምፈልገው ዮኒ ጨዋ እንዲሆን ነው!»

ሄራን ሳቀች። «የትኛውን ጨዋ? አባቴ ያልተማረውንም ሰው ‹ጨዋ ነው› ይላል።»

ሽማግሌው ቃሉን በአፋቸው አመላለሱት። እውነቷን ነው፤ በልጅነታቸው ሁለቱንም ሰምተዋል።

«አፍሽ ደግሞ!»

«ለመሆኑ እስከ የት አነበቡት?»

«እስከ ገጽ አሥራ ሁለት። ያውም በመዝገበ ቃላት።»

«ታዲያ ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ፈረሱ ይጠፋል፤ በልጁ ጥፋት አንድ ሠራተኛ ይባረራል።»

አውቶቡሱ መጣ። ጋሼ አልተነሡም።

«ከዚያስ?»

«ልጁን የጠረጠረው የለም። ግን እህል አልበላ አለው። ሦስት ቀን በእግሩ ሄዶ ሰውየውን አገኘና ‹ሌባው እኔ ነኝ› አለው።»

«ማንም ሳይጠይቀው?»

«ማንም ሳይጠይቀው።»

ጋሼ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ የትናንቱ ትዝ አላቸው። ጎረቤታቸው እህተማርያም የአበባ ማሰሮዋ ተሰብሮባት በሕንጻው ጽዳት ሠራተኛ ላይ ስሞታ አቅርባ ነበር። ትናንት ዮኒ በሯን አንኳኩቶ «የሰበርኩት እኔ ነኝ» አላት። እሳቸው ደግሞ «ማን ጠየቀህ? አዋረድከን!» ብለው ጮኹበት፤ መጽሐፉንም የነጠቁት ያኔ ነው።

ቁጣ ብቻ ያሳደገው ልጅ ጥፋቱን መደበቅ ይማራል። በመጽሐፍ ካገኘው አጥፊ ልጅ ጋር አብሮ የተጨነቀ ግን የራሱንም ጥፋት መመዘን ይጀምራል። አያት አብሮት ቢያነብ ደግሞ የልጁን ልብ ያውቃል።

ሁለተኛው አውቶቡስ ሲመጣ ጋሼ ተነሡ።

«ሊመልሱት ነው?» አለች ሄራን ፈራ ተባ እያለች።

«ሪኒው ላስደርገው፣ ቀኑን ላስረዝም ነው። ሠራተኛው ይቅር አለው?»

«አልነግርዎትም።»

«ግድ የለም፤ ከገጽ አሥራ ሦስት ጀምሮ ዮኒ ያነብልኛል። መጀመሪያ ግን፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ‹ያጠፋሁት እኔ ነኝ› እለዋለሁ።»