የአቀባበሉ ድፎ ዳቦ

እስቲ ይህን ጉድ ስሙ። የዩኒቨርሲቲያችንን አዲስ ገቢ ተማሪዎች ልንቀበል ድፎ ዳቦ ይዘን አሰላ መናኸሪያ ቆመናል። ከአውቶብሱ የወረደችው ተማሪ ግን አንዲት ልጅ ብቻ ናት። አንድም ይሁን ብለን አጨበጨብን! ወንበራቸው ገና ያልሞቀው ተጠባባቂ ፕሬዚዳንታችን ቢላዋውን አቀበሏት።

«እኔ እኮ የአምናዋ ነኝ» አለች ደንግጣ። «ትምህርት ክፍላችን ተማሪ አጥቶ ተዘጋ። መልቀቂያዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፕሬዚዳንቱ ግን ወደ እኔ ዞረው፣ «መምህር፣ ካሜራውን አዘጋጅ» አሉ። ከዚያ ለእሷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቁረጪው ልጄ፣ ለሪፖርት ነው።»

ቆረጠች። እኔም አነሳሁ።

እሷ በማግስቱ መልቀቂያዋን ይዛ ሄደች፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ከሥልጣን ተነሱ። አሁን የሁለቱ ፎቶ በግቢያችን በር ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል።