የግሪኩ አያቴ ምስክርነት
በሕይወቴ እምላለሁ፣ አንድም ቃል ውሸት የለበትም። ግሪካዊው አያቴ ካርቱም የገቡት በጎረምሳነታቸው ነው፤ በዚህ ከተማ ከዓባይ የሚረዝም ነገር ቢኖር የእሳቸው ዕድሜ ብቻ ነበር። ከግሪክም፣ ከሱዳንም፣ ከሐበሻም ወልደዋል። ቤተሰቡ ለሠርግ ሲሰበሰብ የካርቱሙ የሪያድ ሰፈር መንገድ ይዘጋል፤ ሊከሰን የሚመጣው ፖሊስም ዘመድ ሆኖ ይገኝና ጭፈራው ውስጥ ይገባል።

እኔም ማርታን ላገባ ሽማግሌ ብልክ፣ ሐበሾቹ የእናቴ ወገኖች ሰባት ቤት ሊቆጥሩ ተቀምጠው ገና ሁለት ቤት ሳይሻገሩ አያቴን በሁለታችንም ወገን አገኟቸው። «እህትህ ናት፣ አይሆንም!» አሉ። ሱዳናዊው ጎረቤታችን «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ እኛ የአጎት ልጅ አይደል የምናገባው?» ቢል ማን ይስማው! ማርታ ስታለቅስ ጊዜ ሁላችንም ተያይዘን አያቴ ዘንድ ሄድን።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙን። ከዚያ፣ «ይሄ ልጅ የእኔ ዘር አይደለም። አባቱን አሳደግኩት እንጂ አልወለድኩትም። ያላ፣ አጋቧቸው!» አሉና አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ጠቀሱኝ።

ተጋባን፤ ወለድን። ልጆቼ በእናታቸው በኩል የግሪኩ ዘር ናቸው፤ እኔን ግን ዘመዶቼ እስከ ዛሬ «አህለን፣ አማቻችን!» እያሉ ይቀበሉኛል።

ከነገርኳችሁ ውስጥ የፈጠርኩት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት። አያቴ በዓይናቸው አልጠቀሱኝም።